ስለ ፈቃድ ዛፍ
በመምህራን ማኅበር ጉባኤ ላይ የተነገረ ንግግር



በማናቸውም ትምህርት ቤት ውስጥ ከሁሉ የሚበልጥ ዋጋ ያለው ዕቃ ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ብዙ ሰው መጽሐፍ ነው ብሎ ይመልሳል። መልሱ ስሕተት አይደለም። ነገር ግን መጽሐፍ ቢጠፋ በገንዘብ ይገዛል፤ የተማሪው ማርክ የተጻፈበት መዝገብ ቢጠፋ ወይም ቢለወጥ ግን ከየትም ገበያ አይገዛም። አንድ ልጅ ስምንት ዓመት የደከመበት ነገር ሁሉ በአንዲት መሥመር ላይ ተጽፎ ይቀመጣል፤ ያችን መሥመር በተንኰል የፋቀ እጅ ስምንቱን ዓመት እንደ ፋቀ ይቈጠራል። ከዚህ የተነሣ የቀድሞ ዲሬክተሮች መዝገቡን በቁም ሣጥን ቈልፈው ቁልፉን በኪሳቸው ይዘው ይዞሩ ነበር። ቁልፉ አንድ፣ ኪሱም አንድ ስለ ነበረ፣ «መዝገቡን ማን ነካው?» የሚለው ጥያቄ መልስ አያጣም ነበር።

ዛሬ በብዙ ስፍራ መዝገቡ ከቁም ሣጥኑ ወጥቶ ወደ ኮምፒዩተር ገብቷል። ቁልፉም ብረት መሆኑ ቀርቶ በፕሮግራም ውስጥ የተጻፈ «ፈቃድ» ሆኗል። ይህ ፈቃድ ብዙ ጊዜ የሚደራጀው በዛፍ አምሳል ነው፤ ከላይ የተሰጠው ወደ ታች ይወርዳል፣ ታች ያለው ከላይ ይወርሳል። የዚህ ንግግር ዓላማ የዛፉን አሠራር ማስረዳትና አንድ ነገር ማሳሰብ ነው። ይኸውም፦ ፈቃድ መስጠት ቀላል ነው፤ ከባዱ ነገር ፈቃዱ በየትኛው ቅርንጫፍ ላይ እንደ ተሰጠና ከዚያ ወርዶ እስከ የት እንደሚደርስ ማወቅ ነው። ይህንንም ማወቅ የፕሮግራም ሠሪው ብቻ ሳይሆን የትምህርት ቤቱ ሹምና የመምህሩ ግዴታ ነው።

ነገሩ በባዶ ሜዳ እንዳይነገር ምሳሌ የሚሆን ስፍራ ያስፈልጋል፤ ስፍራው ጉዴሌ ይሁን። ጉዴሌ የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በሆነችው በጁባ፣ በምዕራብ በኩል የሚገኝ ሰፊ ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ከስደት የተመለሰው ሕዝብ ወደ ጁባ ሲጐርፍ ከተማይቱ ሰፋች፤ ጉዴሌም አብሮ ሰፋ። በንግድና በሆቴል ሥራ የተሰማሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን በጁባ ስለሚኖሩ የከተማይቱ ነገር ለኢትዮጵያዊ መምህር ሩቅ አይደለም። ሰፈሩ ጉዴሌ አንድና ጉዴሌ ሁለት ተብሎ ይከፈላል፤ መሬቱም በብሎክ ተሸንሽኗል። ቤቱን የሚያመለክት ሰው «ጁባ፣ ከጁባም ጉዴሌ፣ ከጉዴሌም ይህ ብሎክ» እያለ ከሰፊው ወደ ጠባቡ ይወርዳል። እንዲህ የሚናገር ሰው ሳያውቀው ዛፍ ይሥላል።

የመንግሥቱም አስተዳደር እንዲሁ ነው። በደቡብ ሱዳን ከመንግሥቱ በታች ግዛት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ መሠረት ደግሞ ከግዛት በታች ካውንቲ፣ ከካውንቲ በታች ፓያም፣ ከፓያም በታች ቦማ አለ። በኢትዮጵያ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳና ቀበሌ እንደሚባለው ማለት ነው። ይህ አሠራር ጥንታዊ ነው። ሙሴ የሕዝቡ ክርክር ሁሉ በአንድ በእርሱ ትከሻ ላይ በወደቀ ጊዜ፣ አማቱ ዮቶር የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቆችን እንዲሾም እንደ መከረው በኦሪት ዘጸአት ተጽፏል። ሻለቃ፣ መቶ አለቃ፣ አምሳ አለቃና አሥር አለቃ የሚሉት የኢትዮጵያ ወታደር ማዕርጎችም ይህንኑ ሥርዓት በስማቸው ይዘውት ይኖራሉ።

እንግዲህ በጉዴሌ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ለምሳሌ ይታሰብ። አርባ መምህራን አሉት እንበል፤ ሠላሳ መዝገቦችም አሉት። በአንድ መዝገብ ላይ ሊሠራ የሚችለው ሥራ አራት ነው፤ አዲስ መጻፍ፣ ማንበብ፣ መለወጥ፣ መሰረዝ። ለእያንዳንዱ መምህር፣ በእያንዳንዱ መዝገብ ላይ፣ እያንዳንዱ ሥራ የተፈቀደ ወይም የተከለከለ መሆኑ በተናጠል ይጻፍ ቢባል 4,800 ውሳኔ ያስፈልጋል። አንድ አዲስ መምህር በተቀጠረ ቊጥር 120 ውሳኔ ይጨመራል። ይህን ያህል ውሳኔ በትክክል ጽፎ የሚጨርስ ዲሬክተር አይገኝም፤ ቢገኝም ለማስተማር ጊዜ አይተርፈውም።

ዛፉ የተፈለገው ስለዚህ ነው። በዚህ አሠራር ስማቸው ከታወቁት የድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፎች አንዱ ኬክ ፒኤችፒ ይባላል። ማዕቀፍ ማለት ፕሮግራም ሠሪው ሁሉን ከመሠረቱ እንዳይጀምር፣ ምሰሶውና ማገሩ አስቀድሞ የቆመለት ቤት ማለት ነው። ኬክ ፒኤችፒ እ.ኤ.አ. በ2005 በፖላንዳዊው ሚካል ታታሪኖቪች ተጀመረ። በዚህ ማዕቀፍ ውስጥ ፈቃድን የሚጠብቀው ክፍል ሁለት ዛፎች አሉት። አንደኛው የጠያቂዎች ዛፍ ነው፤ በእርሱ ላይ ሰዎችና የሰዎች ክፍሎች ይሰቀላሉ። ሁለተኛው የተጠያቂ ነገሮች ዛፍ ነው፤ በእርሱ ላይ መዝገቦችና ሥራዎች ይሰቀላሉ። በሁለቱ መካከል ደግሞ ይህ ሰው በዚህ ነገር ላይ ምን ማድረግ እንደሚችል የሚነገርበት ሦስተኛ መዝገብ አለ። የኮምፒዩተር ሰዎች ዛፋቸውን ዘቅዝቀው ስለሚተክሉት ሥሩ ከላይ፣ ቅጠሉ ከታች ነው።

የማዕቀፉ መማሪያ መጽሐፍ ይህን ለማስረዳት የመረጠው ምሳሌ ከእንግሊዛዊው ደራሲ ከቶልኪን የቀለበት ታሪክ የተወሰደ ነበር። ተጓዦቹ ተዋጊዎች፣ ጠቢባን፣ ሆቢት የሚባሉት ትንንሽ ሰዎችና እንግዶች ተብለው ይከፈላሉ፤ ነገሮቹም የጦር መሣሪያ፣ ቀለበቱ፣ በጨው የደረቀ ሥጋ፣ የሽምግልና ንግግርና ቢራ ናቸው። ሆቢቶች ሁሉ ቢራ ይፈቀድላቸዋል፤ ከመካከላቸው አንዱ ግን በስሙ ይከለከላል። ምሳሌው ለጨዋታ ይምሰል እንጂ የዛፉን ጠባይ በሙሉ ይዟል። ለክፍሉ አንድ ጊዜ የተባለው ለሁሉ ይደርሳል፤ ከክፍሉ የተለየ ነገር ያስፈለገው ሰው ብቻ በስሙ ይጻፋል። ከ4,800 ውሳኔ ይልቅ አሥር ወይም ሃያ ውሳኔ ይበቃል ማለት ነው።

የፈቃዱ ምልክት ሦስት ዐይነት ነው። አንድ ቢጻፍ ተፈቅዷል ማለት ነው፤ ከዜሮ በታች አንድ ቢጻፍ ተከልክሏል ማለት ነው፤ ዜሮ ቢጻፍ ደግሞ «ወደ ላይ ሂድና ጠይቅ» ማለት ነው። እንግዲህ የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ መምህር የክፍሉን የሒሳብ ማርክ ሊለውጥ ቢፈልግ ፕሮግራሙ እንደሚከተለው ይመረምራል። በመጀመሪያ በመምህሩ በራሱ ስም የተጻፈ ቃል እንዳለ ይፈልጋል፤ ይህንም ሲያደርግ ከጠባቡ ነገር ከሒሳቡ ማርክ ተነሥቶ ወደ ማርክ መዝገቡ፣ ከዚያም ወደ መዝገቦች ሁሉ ሥር ይወጣል። በመምህሩ ስም ምንም ካላገኘ፣ ወይም ያገኘው ሁሉ ዜሮ ከሆነ፣ አንድ ደረጃ ወጥቶ ወደ ላይኛው ክፍል መምህራን ይሄዳል፤ ከዚያም ወደ መምህራን ሁሉ፤ ከዚያም ወደ ትምህርት ቤቱ ሰዎች ሁሉ። በመንገዱ ላይ መጀመሪያ ያገኘው አንድ ወይም ከዜሮ በታች አንድ ፍርዱ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ አይሄድም። እስከ ሥሩ ወጥቶ ምንም ባያገኝ መልሱ «አይፈቀድም» ነው። ይህ የመጨረሻው ደንብ በጎ ደንብ ነው፤ ያልተነገረ ነገር እንደ ተፈቀደ ከተቈጠረ ቤቱ በር የለውምና።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው የዛፉ ጥቅም ነው። አሁን አደጋው ይነገራል።

የመጀመሪያው አደጋ ከምርመራው ቅደም ተከተል ይመጣል። በጥር ወር አንድ መምህር ታሞ ሌላ መምህር በምትኩ የስምንተኛ ክፍልን ማርክ እንዲጽፍ በስሙ ተፈቀደለት እንበል። ታማሚው ድኖ ተመለሰ፤ የተተኪው ፈቃድ ግን ተረሳ። የፈተና ጊዜ በደረሰ ጊዜ ዲሬክተሩ «ማርክ ከገባ በኋላ ማንም መምህር እንዳይለውጥ» ብሎ በመምህራን ቅርንጫፍ ላይ ክልከላ አኖረ፤ በሩም የተዘጋ መሰለው። ነገር ግን ፕሮግራሙ የሰውየውን ስም አስቀድሞ ስለሚመለከት በጥር የተጻፈውን ፈቃድ ያገኝና እዚያው ላይ ይፈርዳል፤ ወደ መምህራን ቅርንጫፍ አይደርስም። ሠላሳ ዘጠኙ መምህራን ሲከለከሉ አንዱ ይገባል። ፕሮግራሙ አልተሳሳተም፤ የታዘዘውን አደረገ። የተሳሳተው አጠቃላይ ትእዛዝ የግል ፈቃድን ይሽራል ብሎ ያመነው ሰው ነው።

የፈተና ምስጢር አንድ ጊዜ ከወጣ ጉዳቱ የት ድረስ እንደሚሄድ ኢትዮጵያውያን መምህራን በዓይናቸው አይተዋል። በ2008 ዓ.ም. በግንቦት ወር የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የእንግሊዝኛው ጥያቄ አስቀድሞ በመውጣቱ ፈተናው ተቋርጦ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ፤ በጥያቄው መውጣት እጃቸው የሌለበት እጅግ ብዙ ተማሪዎች እንደገና ተዘጋጅተው ለመቀመጥ ተገደዱ። የወጣው በወረቀት የታተመ ፈተና እንጂ የኮምፒዩተር መዝገብ አልነበረም፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። ብዙ እጅ በሚያልፍበት ነገር አንድ ያልታሰበ ቀዳዳ ይበቃል።

ሁለተኛው አደጋ ከዚህ ይልቅ የጠለቀ ነው፤ ምክንያቱም ማንም ሳይሳሳት ይደርሳል። ከግዛቱ ትምህርት መሥሪያ ቤት የሚመጣ ተቈጣጣሪ ሥራው መዝገብ ማየት ስለ ሆነ፣ በመዝገቦች ሁሉ ሥር ላይ የማንበብ ፈቃድ ተሰጠው እንበል። በዚያን ቀን በሥሩ የነበሩት መዝገቦች የስም መጥሪያ፣ የማርክና የመጻሕፍት ስርጭት ብቻ ነበሩ፤ ተቈጣጣሪው እነዚህን ቢያነብ ማንንም አይጎዳም። ከሁለት ዓመት በኋላ አንዲት ርኅሩኅ መምህርት ችግረኞችን ልጆች ለመርዳት አስባ አዲስ መዝገብ ከፈተች። በእርሱም ላይ ወላጅ የሌለው ማን እንደ ሆነ፣ ሕመም ያለበት ማን እንደ ሆነ፣ የየልጁ ቤተ ሰብ ከየት እንደ መጣና በቤት ምን ቋንቋ እንደሚናገር ጻፈች። መዝገቡ ከሌሎቹ መዝገቦች ጋራ በዚያው ሥር ተሰቀለ። በዚያች ቅጽበት ተቈጣጣሪው፣ ከእርሱም በኋላ በእርሱ ቦታ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ፣ ያን መዝገብ ለማንበብ ቻለ። ማን ፈቀደለት? ማንም። ይህ ፈቃድ መዝገቡ ከመወለዱ ከሁለት ዓመት በፊት የተሰጠ ነበር። ዛፍ ገና ላልተወለደው ነገር አስቀድሞ ይፈርዳል ማለት ይህ ነው።

ይህ ነገር በጉዴሌ ሲነገር ተራ የቢሮ ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ በጁባ ጦርነት በተቀሰቀሰ ጊዜ ሰዎች በዘራቸው እየተለዩ ተገደሉ፤ በዚያው በጉዴሌም በአንድ የፖሊስ ሕንጻ ውስጥ የታጎሩ የኑዌር ተወላጆች እንደ ተገደሉ የአፍሪካ ኅብረት አጣሪ ኮሚሽን በሪፖርቱ ጽፏል። በዚያ ቀን ቤተ ሰቡ ከየት እንደ መጣ የሚናገር መሥመር የሰውን ሕይወት ሊያስጠፋ ይችል ነበር። መምህርቱ መዝገቡን የከፈተችው ለርኅራኄ ነው፤ ርኅራኄ ግን የሚነበብበትን እጅ አይመርጥም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን መዝገብ ከመክፈት በፊት «ምን ይጻፍበት?» ብቻ ሳይሆን «ከማን ሥር ይሰቀል? ማንስ ይወርሰዋል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ባይጻፍ ይሻላል የሚባልበትም ጊዜ አለ፤ ያልተጻፈውን የሚያነብ የለምና።

ሦስተኛው ነገር የዛፉ መንቀሳቀስ ነው። ይህን ለመረዳት ኮምፒዩተር ዛፍን እንዴት እንደሚያስታውስ ማወቅ ይረዳል። ኬክ ፒኤችፒ ለእያንዳንዱ አንጓ ሁለት ቊጥር ይሰጣል፤ የግራና የቀኝ። አንድ ሰው ዛፉን ከሥሩ ጀምሮ በዳር በዳሩ እየዞረ፣ ወደ አንጓው ሲገባ አንድ ቊጥር፣ ከአንጓው ሲወጣ አንድ ቊጥር ይጽፋል ማለት ነው። ሚኒስቴሩ ሥር ይሁን፤ በሥሩም ማዕከላዊ ኢኳቶሪያና ምሥራቅ ኢኳቶሪያ ይሰቀሉ። ሲገቡ ሚኒስቴሩ 1፣ ማዕከላዊ ኢኳቶሪያ 2፣ የጁባ ካውንቲ 3፣ ፓያሙ 4፣ ትምህርት ቤቱ 5 ይሆናል። ሲወጡ ትምህርት ቤቱ 6፣ ፓያሙ 7፣ ካውንቲው 8፣ ማዕከላዊ ኢኳቶሪያ 9። ቀጥሎ ምሥራቅ ኢኳቶሪያ በ10 ይገባል፤ አንድ ካውንቲ በ11 ገብቶ በ12 ይወጣል፤ ግዛቱ በ13 ይወጣል፤ ሚኒስቴሩም በ14 ይዘጋል። ከዚህ በኋላ «በማዕከላዊ ኢኳቶሪያ ሥር ያሉት እነማን ናቸው?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ቊጥራቸው በ2ና በ9 መካከል የወደቀ ሁሉ ማለት ይበቃል። ስንት እንደ ሆኑም ሳይቈጠር ይታወቃል፤ ከ9 ላይ 2 ተቀንሶ፣ ደግሞ 1 ተቀንሶ፣ ለሁለት ሲካፈል ሦስት ይሆናል፤ ካውንቲው፣ ፓያሙና ትምህርት ቤቱ ናቸው። ይህን ስሌት በክፍል ውስጥ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ማሳየት ለተማሪዎችም ደስ የሚያሰኝ ትምህርት ነው።

ይህ አሠራር ለማንበብ ፈጣን፣ ለማንቀሳቀስ ግን ከባድ ነው፤ አንድ ቅርንጫፍ ከአንዱ ግንድ ተነቅሎ በሌላው ላይ ሲተከል የብዙ አንጓዎች ቊጥር እንደገና ይጻፋል። ቅርንጫፍ ግን ይነቀላል። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2011 ነጻ ስትወጣ 10 ግዛቶች ነበሯት። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ትእዛዝ 28 ሆኑ፤ በ2017 ወደ 32 አደጉ፤ በ2020 ደግሞ ወደ 10 ግዛቶችና ወደ 3 የአስተዳደር አካባቢዎች ተመለሱ። ማዕከላዊ ኢኳቶሪያ በ2015 በሦስት ተከፍሎ ጁባ ጁቤክ በሚባለው ግዛት ሥር ሆነች፤ በ2020 ወደ ማዕከላዊ ኢኳቶሪያ ተመለሰች። ጉዴሌ ከስፍራው አንድ ክንድ ሳይነቃነቅ የተሰቀለበት ቅርንጫፍ ሁለት ጊዜ ተለወጠ። በኢትዮጵያም ከ2012 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በአንድ የደቡብ ክልል ፈንታ ሲዳማ፣ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ማዕከላዊ ኢትዮጵያና ደቡብ ኢትዮጵያ የሚባሉ አራት ክልሎች ቆመዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ በየትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ያለው ፈቃድ ምን ይሆናል?

መልሱ ፈቃዱ እንዴት እንደ ተሰጠ ይወሰናል። ፈቃዱ ለቅርንጫፉ ከተሰጠ፣ ማለት «በግዛቱ ትምህርት መሥሪያ ቤት ያለው ተቈጣጣሪ በሥሩ ያሉትን ትምህርት ቤቶች ያንብብ» ከተባለ፣ ትምህርት ቤቱ ወደ አዲሱ ግዛት ሲተከል የአሮጌው ግዛት ተቈጣጣሪ ፈቃድ በራሱ ይቀራል፤ የአዲሱም በራሱ ይመጣል። ነገር ግን ለሰውየው በስሙ፣ በትምህርት ቤቱም ላይ በቀጥታ የተሰጠ ከሆነ፣ ዛፉ ቢነቀልም ቢተከልም ፈቃዱ ከሰውየው ጋራ ይኖራል። ሹመቱ ያለፈ፣ መሥሪያ ቤቱም የፈረሰ ሰው፣ መዝገቡን እንደ ቀድሞው ያነባል፤ ይለውጣልም።

የኢትዮጵያን የቀድሞ የመሬት ሥርዓት ለሚያውቅ ሰው ይህ ልዩነት አዲስ አይደለም። ርስት በትውልድ የሚወረስ ነው፤ ባለ ርስቱ ቢሾምም ቢሻርም ርስቱ ከእርሱና ከልጆቹ አይወጣም። ጉልት ግን በጠቅላላው ለሹመቱ የሚሰጥ ነበር፤ ሹሙ ሲነሣ ለተተኪው ያልፍ ነበር። ጉልት ርስት በሆነበት ቦታ ሁሉ ሹመቱ ካለፈ በኋላ ግብሩ አልቀረም። ሁለቱም ሥርዓቶች በሕግ ቀርተዋል፤ ትምህርታቸው ግን ለዚህ ጉዳይ ይጠቅማል። የመዝገብ ፈቃድ እንደ ጉልት ለሥራው ይሰጥ እንጂ እንደ ርስት ለሰውየው አይሰጥ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ተረት የሚነግረው ሹም በሹመቱ ዘመን ስለሚያደርገው ነው፤ በኮምፒዩተር ግን ካልተጠነቀቁ ከተሻረም በኋላ ሊበላ ይችላል።

ዛፉ ለሁሉ ነገር ይበቃል ማለት ግን አይደለም። በዛፍ ላይ አንድ አንጓ አንድ ወላጅ ብቻ አለው፤ የሰው ኑሮ ግን እንዲህ አይደለም። አንድ መምህር ጧት በአንዱ፣ ማታ በሌላው ትምህርት ቤት ሊያስተምር ይችላል፤ አንዲት መምህርት በዚያው ትምህርት ቤት የተማሪ እናት ልትሆን ትችላለች። እነዚህን በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ብቻ መስቀል አይቻልም። ከዚህ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1992 ፌራዮሎና ኩን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ፈቃድ ለሥራ ድርሻ ይሰጥ፣ አንድ ሰውም ብዙ ድርሻ ሊይዝ ይችላል የሚለውን ሐሳብ በሥርዓት ጽፈው አቀረቡ። ኬክ ፒኤችፒም እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ሦስተኛ እትሙ የዛፉን ፈቃድ ከዋናው ማዕቀፍ አውጥቶ፣ የፈለገ ብቻ የሚጨምረው ተቀጥላ አድርጎታል። ዛፉ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ሁሉም ቤት ዛፍ ስላልሆነ ነው። ይሁን እንጂ የትምህርት አስተዳደር በባሕርዩ ዛፍ ስለ ሆነ፣ መዝገቡ በየትኛውም ፕሮግራም ቢጻፍ የመውረስ ጥያቄ ከመምህራን ፊት አይጠፋም።

እንግዲህ መምህራንና ሹማምንት ምን ያድርጉ? የሚቀጥሉት አምስት ነገሮች የኮምፒዩተር ሊቅ መሆንን አይጠይቁም።

አንደኛ፣ የትምህርት ቤቱ የፈቃድ ዛፍ በወረቀት ተሥሎ በዲሬክተሩ ዘንድ ይቀመጥ፤ በላዩ ላይ ፈቃድ ወይም ክልከላ የተጻፈበት አንጓ ሁሉ በቀለም ይለይ። ሊሣል የማይችል ዛፍ ሊጠበቅም አይችልም። ሁለተኛ፣ በሥሩ ላይ ምንም ፈቃድ አይሰጥ፤ ፈቃድ ሁሉ ሥራው በሚፈልገው መጠን እጅግ ዝቅ ባለው ቅርንጫፍ ላይ ይሰጥ። ሦስተኛ፣ ፈቃድ ለሥራ ድርሻ ይሰጥ፤ ግድ ሆኖ ለሰው በስሙ ሲሰጥ ምክንያቱና የሚያበቃበት ቀን በአንድ ደብተር ይጻፍ፤ ቀኑም ሲደርስ ይሰረዝ። አራተኛ፣ አዲስ መዝገብ ከመከፈቱ በፊት ከማን ሥር እንደሚወድቅ ይመርመር፤ የልጆችን ምስጢር የያዘ መዝገብ ከሌሎቹ ተለይቶ በራሱ ቅርንጫፍ ላይ፣ ከላይ የሚወርደውን ሁሉ በሚከለክል ቃል ታጥሮ ይቀመጥ። አጥሩም ከላይ ያሉትን ሁሉ ማቆሙ በሙከራ ይረጋገጥ፤ በስም የተሰጠ ፈቃድ ከአጥሩ በፊት እንደሚነበብ ከላይ ታይቷልና። አምስተኛ፣ በዓመቱ መጀመሪያ፣ በፈተና ዋዜማና አስተዳደሩ በተለወጠ ጊዜ ሁሉ፣ ዲሬክተሩ በአንድ ተራ መምህር መግቢያ ገብቶ የተከለከለውን ለመክፈት ይሞክር። በሩን የዘጋ ሰው ገፍቶ ካላየው ዘጋሁ አይበል።

በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤቶችም ይህ ነገር ቦታ ቢሰጠው መልካም ነው። ዕጩው መምህር ስም መጥራትንና ማርክ መደመርን ይማራል፤ ማርኩ ከእርሱ እጅ ከወጣ በኋላ በማን እጅ እንደሚያልፍ ግን ብዙ ጊዜ አይነገረውም። አንድ ክፍለ ጊዜ ተሰጥቶት ሊያስተምርበት የሚሄደውን ትምህርት ቤት ዛፍ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቢሥልና ጓደኞቹ «ይህ ሰው ይህን መዝገብ መለወጥ ይችላልን?» እያሉ ቢጠይቁት፣ እርሱም ከቅጠሉ ወደ ሥሩ እየወጣ ቢመልስ፣ ስለ ሥልጣን ብዙ ገጽ ከማንበብ ይልቅ ይጠቅመዋል።

የቀድሞው ዲሬክተር ቁልፉን በኪሱ ይዞ ሲዞር ኪሱን በዳበሰ ጊዜ ቁልፉ መኖሩን ያውቅ ነበር። የዛሬው ቁልፍ አይዳበስም፤ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ድምፅ አያሰማም፤ ተሽሮ የሄደውን ሰው ተከትሎ ሲወጣም አይታይም። ስለዚህ በእጅ ይዳበስ የነበረው በአእምሮ ሊዳበስ ይገባዋል። በጉዴሌ ይሁን በጎንደር፣ በጁባ ይሁን በአዲስ አበባ፣ በአንዲት መሥመር ላይ ስሙ የተጻፈ ልጅ አለ። ልጁ ዛፉን አያውቀውም፤ ከላይ ማን እንደ ተሰቀለም አያውቅም። የሚያውቀው መምህሩን ብቻ ነው፤ መሥመሯንም ለእርሱ አደራ ብሎ ሄዷል። አደራን የሚጠብቅ ሰው ቁልፉ በስንት እጅ እንዳለ ያውቃል።

እግዚአብሔር የመምህራንን ሥራ ይባርክ።